የድሮ የመሬት ይዞታ መረጃን በምን እንያዘው? ኤክሴል፣ ዳታቤዝ፣ ካርታ ወይስ ጽሑፉን ራሱን

አንድ የብራና ወንጌል በዓይነ ኅሊናችሁ አምጡ። ጠርዙ ላይ፣ ከወንጌሉ ቃል ጎን፣ በደቃቅ እጅ የተጻፈ የመሬት ሽያጭ አለ። እገሌ ለእገሊት ይህን ያህል መሬት በይህን ያህል ወቄት ወርቅ ሸጠ። ዋሱ እገሌ፣ እማኞቹ እነ እገሌ፣ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጎንደር አድባራት እንዲህ ያለ ማስታወሻ በብዛት ተጽፏል። ከሻጮቹም ከገዢዎቹም መካከል ሴቶች አሉበት። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስደው ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ከሚገኙት ብራናዎች መካከልም የመሬት መዝገብ ያለባቸው አሉ።

አሁን ደግሞ ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ አጼ ምኒልክ የከተማው ቦታ በግል እንዲያዝና እንዲሸጥ የሚፈቅድ ደንብ አወጡ። ከዚያ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የተጻፈው የሽያጭ ውል፣ የግብር ደረሰኝ፣ የውርስ ክርክር ብዙ ነው። ገሚሱ በመዝገብ ቤት፣ ገሚሱ በየሰዉ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል።

ይህን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት የሚፈልግ ሰው እየበዛ ነው፤ ደስ ይለኛል። የማስተርስ ተማሪዎች አሉ፣ ዲያቆናት አሉ፣ ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ሆነው የአያታቸውን ይዞታ የሚፈልጉ የልጅ ልጆች አሉ። ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «በኤክሴል ልያዘው ወይስ ዳታቤዝ ልሥራ?» እዚህ የምጽፈው ለዚህ ጥያቄ የምሰጠውን መልስ ነው፤ ትንሽ ረዘም አድርጌ።

ከመሣሪያው በፊት፦ አንዱ ረድፍ የምንድን ነው?

ሰው ሁሉ የሚጀምረው በሦስት ዓምድ ነው። መሬት፣ ባለቤት፣ ዓመት። ግልጽ ይመስላል። የእኛን አገር መረጃ የሚያበላሸው ግን ይሄው «ባለቤት» የሚለው ዓምድ ነው።

በአንድ መሬት ላይ፣ በአንድ ዘመን፣ ባለርስትም ባለጉልትም ነበረ። ባለርስቱ መሬቱን ያገኘው በእናቱ ወይም በአባቱ በኩል ከአቅኚው አባት በመወለዱ ነው። ባለጉልቱ ደግሞ ከዚያው መሬት ግብር የመሰብሰብ መብት የተሰጠው መኳንንት ወይም ደብር ነው። በጎንደር ሪም ነበረ፤ የደብር አገልግሎት ያለበት፣ ግን የሚሸጥ የሚለወጥ መሬት። ወደ ደቡብ ስንወርድ ማደሪያ አለ (በደሞዝ ፈንታ የሚሰጥ መሬት)፣ ሰሞን አለ (ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚሰጥ መሬት)፣ ገባር አለ፣ ጭሰኛ አለ። እስቲ ከእነዚህ ውስጥ «ባለቤቱ» ማን ነው? አንዱን መርጣችሁ ስትጽፉ ሌላውን ሰረዛችሁት ማለት ነው። እያረሰ ሲገብር የኖረው ሰው ከሠንጠረዡ ይወጣል፤ ያስገበረው ብቻ ይቀራል። ይህን አቅልዬ አላየውም። በወረቀቱ ላይ እንኳ ተርፎ የቆየን ሰው እኛ በኮምፒውተር ልናጠፋው አይገባም።

ስለዚህ ረድፉ «ባለቤትነት» አይሁን። ረድፉ አንድ ሰነድ የሚለው አንድ ነገር ይሁን። «ይህ ሰነድ እንዲህ ይላል፦ እገሌ ለእገሊት ሪም ሸጠ፣ በዚህ ዋጋ፣ በዚህ ቀን።» ሌላ ሰነድ ተቃራኒውን ካለ እሱም የራሱ ረድፍ ይኑረው። የትኛው እውነት እንደሆነ መፍረድ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው። ሰነዱ «ሪም» ካለ «ሪም» ብላችሁ ጻፉ። ወደ ዘመናዊ ቃል አትተርጉሙት። ማብራሪያ ካስፈለገ ጎን ላይ ሌላ ዓምድ ክፈቱ።

ይህ ከገባችሁ የመሣሪያ ምርጫው ግማሹ አለቀ። ከዚህ በታች የማወዳድራቸውን በሙሉ የምመዝናቸው በአንድ ነገር ነው፦ የሰነዱን ቃል ሳያዛቡ መያዝ ይችላሉ ወይ?

ኤክሴልና ጉግል ሺትስ

ብዙ ሰው ኤክሴልን ይንቀዋል። እኔ አልንቀውም። ሁሉም ያውቀዋል፣ መብራት ቢጠፋ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ ሌላ ሰው ማሠልጠን አያስፈልግም። እስከ ጥቂት መቶ ሰነድ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ጉግል ሺትስ ደግሞ አዲስ አበባና ሎንዶን ያሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ገጽ ላይ አብረው እንዲሠሩ ያደርጋል፤ ኢንተርኔት እስካለ ድረስ።

ችግሩ ቀን ላይ ነው። ይህን ከራሴ ጉዳት ልንገራችሁ። በጀማሪነቴ የውሎቹን ቀን በአንድ ዓምድ ነበር የምጽፈው፤ ወር፣ ቀን፣ ዓመት በእዝባር እየለየሁ። ጥቅምት 30 ቀን 1951ን «2/30/1951» ብዬ ጻፍኩ። ኤክሴል በፈረንጅ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለማያውቅ ዝም ብሎ እንደ ተራ ጽሑፍ ተወው። የካቲት 30ን «6/30» ስለው ግን ጁን 30 ነው ብሎ ተቀበለ። ጳጉሜን የባሰች ናት። ጳጉሜን 5ን ቀኑን አስቀድሜ «5/13/1959» ብዬ ብጽፍ ሜይ 13 አደረገልኝ። አሥራ ሦስተኛ ወር መኖሩን አያውቅማ! ፋይሉን በሌላ ሰው ኮምፒውተር ስንከፍተው ደግሞ ቀንና ወሩ ቦታ ተቀያየሩ። የዓምዱ ገሚስ ቀን፣ ገሚስ ጽሑፍ ሆኖ ቀረ። ለማስተካከል ወደ ሰነዶቹ ፎቶ ተመልሼ አንድ በአንድ ማየት ነበረብኝ።

ሌላም አለ። ኤክሴል የቀን ቆጠራውን የሚጀምረው ከ1900 ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ዓመት እንደ ቀን አይቀበልም። እናም የ1899 ዓ.ም. ውላችሁ ጽሑፍ፣ የ1901 ዓ.ም. ውላችሁ ደግሞ ቀን ይሆናል። ልክ የምኒልክ ደንብ የወጣበት አካባቢ ሲደርስ ዓምዱ ለሁለት ይሰነጠቃል ማለት ነው። በጊዜ ቅደም ተከተል ስታሰልፉት የሚወጣው ነገር ትርጉም የለውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቀን፣ ወርና ዓመት ለየብቻ ሦስት ዓምድ ይኑራቸው። አራተኛ ዓምድ ጨምሩና ሰነዱ ላይ እንዳለ ገልብጡት፤ በግዕዝ ቁጥር ከሆነም በግዕዝ ቁጥር። የፈረንጁን አቆጣጠር የምትጽፉት በሌላ ዓምድ፣ በኋላ አስልታችሁ ነው።

ስሌቱም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው ብለን ለምደናል፤ በፈረንጁ ሠግር ዓመት ዋዜማ 12 ይሆናል። ይህ የሚሠራው ከ1900 እ.ኤ.አ. ወዲህ ላለው ዘመን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መስከረም 1 በጎርጎርዮስ ሴፕቴምበር 10 ላይ ይውል ነበር፣ በ18ኛው ደግሞ ሴፕቴምበር 9። የጎንደርን ሽያጭ በዛሬው ልማድ የቀየረ ሰው በሁለት ቀን ይስታል። ሁለት ቀን ምን አላት እንዳትሉ። በአንድ ቀን የተዋዋሉ ሁለት ሰነዶችን አንደኛውን እናንተ፣ ሌላውን ሌላ ሰው ቢቀይራቸው የተለያየ ቀን ይሆናሉ።

አባቶቻችን ግን አንድ ትልቅ ስጦታ ትተውልናል። ዓመቱን ከወንጌላዊው ጋር ነው የሚጽፉት። ዓመቱን ለአራት ስታካፍሉ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት የሚቆጠረው) ከዓመተ ምሕረት በ5500 ይበልጣል፤ 5500 ለአራት እኩል ስለሚካፈል ሰነዱ በዓመተ ዓለም ቢጻፍም በዓመተ ምሕረት ቢጻፍም ውጤቱ ያው ነው። ለምሳሌ ፎቶው ደብዝዞ ዓመቱ ፸፪፻፴፮ ይሁን ፸፪፻፴፯ አልለይ አለ እንበል። ፮ እና ፯ ሲፈዙ ይመሳሰላሉ። ሰነዱ «በዘመነ ዮሐንስ» ካለ 7236 ነው፤ ማለትም 1736 ዓ.ም.። 7237 ቢሆን ኖሮ ዘመነ ማቴዎስ ይሆን ነበር። ኤክሴል ውስጥ የማካፈልን ቀሪ የሚሰጠውን፣ ሞድ የሚባለውን ቀመር አንድ ዓምድ ላይ ብታደርጉት የቁጥር ስህተት ያለበትን ረድፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያሳያችኋል። ይህን ዓምድ ያልጨመረ የኤክሴል ሠንጠረዥ ባይ ወዲያው ጨምሩ ነው የምለው።

ኤክሴል የሚደክመው ሰው ሲበዛ ነው። አንድ ሽያጭ አንድ ሻጭና አንድ ገዢ ብቻ አይደለም ያለው። ሦስት ዋስ፣ ሰባት እማኝ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊ ሊኖረው ይችላል። «እማኝ 1፣ እማኝ 2፣ እማኝ 3» እያላችሁ ዓምድ መደርደር ስትጀምሩ፣ ወይም አንድ ሳጥን ውስጥ ሰባት ስም በነጠላ ሰረዝ ስታጭቁ፣ ያኔ ወደሚቀጥለው መሻገሪያችሁ ደርሷል።

ዳታቤዝ

ዳታቤዝ ሲባል ሰው ይፈራል። ነገሩ ግን እርስ በርስ የተሳሰሩ ጥቂት ሠንጠረዦች ማለት ብቻ ነው። ለመሬት ሰነድ እኔ የምመክረው አምስት ነው። ሰነድ፣ ድርጊት፣ ሰው፣ መሬት፣ እና ተሳትፎ። ቁልፉ የመጨረሻው ነው። «ተሳትፎ» አንድን ሰው ከአንድ ድርጊት ጋር ያገናኛል፤ በምን ሚና እንደሆነም ይነግረናል። ሻጭ፣ ገዢ፣ ዋስ፣ እማኝ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ አዋሳኝ። ሰባት እማኝ ካለ ሰባት ረድፍ ይሆናል፤ ምንም ዓምድ አይጨመርም።

ይህ ምን ይጠቅማል? በኤክሴል ሊጠየቅ የማይመችን ጥያቄ ያስጠይቃል። «በአንድ ውል ላይ ዋስ የሆነ ሰው በሌላ ውል ላይ ገዢ ሆኗል ወይ?» «አንድ እማኝ በስንት ሽያጭ ላይ ቆሟል?» ከብዙ ሽያጮች ጀርባ ሁሌ የሚቆሙ ሰዎች ካሉ በዚህ መንገድ ነው የሚታዩት። በሰፈሩ ውስጥ ማን የታመነ ሽማግሌ እንደነበር፣ ማን የደብሩ አለቃ ዘመድ እንደነበር ከዚያ ይጀመራል። ለእኔ የዚህ ሥራ ጣዕም እዚህ ነው ያለው።

አሁን ስም ላይ እንምጣ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስና የአባት ስም፣ አንዳንዴ የራስ ስም ብቻ። በዚያ ላይ ማዕረጉ ይለዋወጣል። ዛሬ ግራዝማች የተባለው ከአሥር ዓመት በኋላ ቀኛዝማች፣ ከዚያ ፊታውራሪ ይሆናል። የፈረስ ስም አለ፣ የክርስትና ስም አለ። እቴጌ ምንትዋብ በአንዱ ምንትዋብ፣ በሌላው ወለተ ጊዮርጊስ፣ በሦስተኛው ብርሃን ሞገሳ ተብላ ትጠራለች። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን አንዱ በአባ መላ፣ አንዱ በአባቱ በዲነግዴ፣ ሌላው ሁለቱን ቃል ገጥሞ «ሀብተጊዮርጊስ» ብሎ ይጽፈዋል። እነዚህ ዝነኞች ስለሆኑ እናውቃቸዋለን። ስሙ አንድ ሰነድ ላይ ብቻ የወጣ ገበሬስ?

ስለዚህ «መጠሪያ» እና «ሰው» ይለያዩ። መጠሪያው ሰነዱ ላይ የተጻፈው ነው፤ አይነካም። ሰውየው ግን የእናንተ ግምት ነው። ሁለት መጠሪያዎች የአንድ ሰው ናቸው ስትሉ ለምን እንዳላችሁና ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆናችሁ ጻፉ። ነገ ሌላ ማስረጃ ቢመጣ አገናኙን ብቻ ትፈታላችሁ፤ መረጃው አይነካም።

የፊደሉም ነገር አለ። ፀሐይን አንዱ «ጸሃይ»፣ ሌላው «ፀሀይ» ይለዋል። ለኮምፒውተር ሦስቱም የተለያዩ ቃላት ናቸው። መፍትሔው ሁለት ዓምድ ነው። አንደኛው እንደተጻፈው። ሁለተኛው መፈለጊያ ብቻ፤ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ የተቀየሩበት። ለማጽዳት ኦፕንሪፋይን ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ነፃም ነው። ተመሳሳይ ስሞችን ሰብስቦ «እነዚህ አንድ ናቸው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የተሠራው ግን ለላቲን ፊደል ስለሆነ ሀ እና ሐ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም። መቀየሪያውን መጀመሪያ ራሳችሁ ጻፉለት።

የትኛው ዳታቤዝ? ብቻችሁን ከሆናችሁ ኤስኪውላይት። መላው ዳታቤዝ አንድ ፋይል ነው፤ በፍላሽ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሰርቨርም ኢንተርኔትም አይፈልግም። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጽፍበት ከሆነ ፖስትግሬስኪውኤል ይሻላል፤ ግን የሚንከባከበው ሰው ያስፈልጋል። ባለሙያው ደሞዝ አግኝቶ ወደ ሌላ ቦታ ሲሄድ ዳታቤዙ ቁልፉ እንደጠፋ ሳጥን ሆኖ የቀረበትን ፕሮጀክት በቅርብ አይቻለሁ። ስለዚህ ከእናንተ ሌላ የሚያውቀው አንድ ሰው እስክታገኙ በኤስኪውላይት ቆዩ።

ካርታ

መሬት ነውና ካርታ ያምራል። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በዘመን እየተንሸራተቱ ማየት ያስችላል። ነገር ግን ብዙ ሰው ቀድሞ የሚሮጠው ወደዚህ ስለሆነ ብዙ ስህተትም የሚሠራው እዚህ ነው።

የድሮ ውል ድንበርን የሚናገረው በቁጥር አይደለም። «በምሥራቅ የእገሌ ርስት፣ በምዕራብ ወንዝ፣ በሰሜን የታቦቱ መሬት፣ በደቡብ የመንገዱ ዳር።» ይህን ወስዳችሁ ባለ አራት ማዕዘን ቅርጽ ብትስሉ የሌለ እርግጠኝነት ፈጠራችሁ። ያየው ሰው ሁሉ «ድንበሩ ይኸውና» ይላል። ስፋቱም እንዲሁ ነው። ጋሻ 40 ሄክታር ነው ይባላል፤ እንደ አገሩና እንደ መሬቱ ግን ይለያይ ነበር። መሬቱ ራሱ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለ ነበር የሚገመተው። «2 ጋሻ» የሚለውን «80 ሄክታር» ብላችሁ ቀይራችሁ ዋናውን ከጣላችሁት መመለሻ የለውም።

የእኔ ምክር፦ አዋሳኞቹን መጀመሪያ በዳታቤዙ ውስጥ እንደ ግንኙነት ያዙ። የእገሌ መሬት ከእገሌ መሬት ጋር ይዋሰናል፤ በየት በኩል። በዚህ ብቻ የአንድ ሰፈር አቀማመጥ ቀስ በቀስ ይገጣጠማል። ከአርባ ውል አንዱ ወንዝ ወይም ቤተ ክርስቲያን የሚጠቅስ ከሆነ ሌሎቹም እሱን ይዘው ቦታቸውን ያገኛሉ። ካርታው ላይ ደግሞ ቅርጽ ሳይሆን ነጥብ አድርጉ፤ ከጎኑም ቦታው ምን ያህል እርግጥ እንደሆነ ጻፉ።

አዲስ አበባ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ስሙ እየተቀያየረ ያስቸግራችኋል። መጀመሪያ በሰፈር ስም ነው የሚጠራው፤ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ገዳም ሰፈር። ከዚያ ከፍተኛና ቀበሌ መጣ። ከዚያ ክፍለ ከተማና ወረዳ። ክፍለ ከተሞቹም 10 ነበሩ፣ ለሚ ኩራ ተጨምሮ 11 ሆኑ። ስለዚህ «አድራሻ» የሚባል አንድ ዓምድ አይበቃም። እያንዳንዱ ስም ከየት እስከ የት ዘመን እንደሠራ የሚይዝ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል።

ሁለት ቴክኒካዊ ነገሮች ቶሎ ልበል። የአገራችን የቆዩ ካርታዎች የሚጠቀሙት አዲንዳን የሚባለውን የቦታ መለኪያ መነሻ ነው፤ በኪውጂአይኤስ ውስጥ መለያ ኮዱ ኢፒኤስጂ 20137 ነው። የስልካችን ጂፒኤስ የሚጠቀመው ግን ሌላ ነው። ይህን ሳትለዩ ብትደራርቡ ነጥባችሁ ከመቶ ሜትር በላይ ይስታል፤ አንዱ ሰው ሌላው ግቢ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ ሼፕፋይል በሚባለው የካርታ ፋይል ዓይነት አታስቀምጡ። የዓምድ ስም ከ10 ባይት በላይ አይቀበልም፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። «ባለርስት» ብላችሁ የሰየማችሁት «ባለር» ሆኖ ይቀራል። ማስታወሻውም ከ84 ፊደል በላይ ሲሆን ይቆረጣል። በእሱ ፈንታ ጂኦፓኬጅ የሚባለውን የፋይል ዓይነት ተጠቀሙ።

ጽሑፉን ራሱን መያዝ

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ ከሰነዱ ውስጥ መረጃ ለቅመው ያወጣሉ። ቲኢአይ የሚባለው መንገድ ግን ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ ገልብጦ፣ እዚያው ላይ «ይህ ሰው ነው፣ ይህ ቦታ ነው፣ ይህ ዋጋ ነው» እያለ ምልክት ያደርጋል። ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ፕሮጀክት የኢትዮጵያን ብራናዎች የሚገልጸው በዚህ መንገድ ነው፤ ለሁሉም ክፍት ነው።

ብራና ላይ ለምትሠሩ፣ በተለይ ግዕዝና አማርኛ በተቀላቀለበት የጠርዝ ማስታወሻ ላይ፣ ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ቃሉ አይጠፋም። «ገዛ» እና «ተገዛ» መካከል ያለው ልዩነት፣ የተፋቀው መስመር፣ በሌላ እጅ የተጨመረው ስም ሁሉ ይቆያል። ሥራው ግን አድካሚ ነው። አንድ ገጽ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። ሦስት መቶ የግብር ደረሰኝ በዚህ መንገድ ልያዝ ማለት ጊዜ ማቃጠል ነው፤ ደረሰኙ ሁሉ አንድ ዓይነት ቅርጽ ስላለው ሠንጠረዥ ይበቃዋል።

ተዘጋጅተው የሚገኙት

ፕሮግራም መጻፍ ለማይፈልግ ሰው ለታሪክ ጥናት ታስበው የተሠሩ አሉ። ሂውሪስት ከሲድኒ ዩኒቨርሲቲ፣ ኖድጎት ከኔዘርላንድ። ሁለቱም በድረ ገጽ ይሠራሉ፣ ሰውንና ቦታን ያስተሳስራሉ፣ ካርታም ያሳያሉ። ዊኪቤዝ ደግሞ ከዊኪዳታ፣ ከዊኪፔዲያ እህት የመረጃ ቋት፣ ጀርባ ያለው ሶፍትዌር ነው። ለእኛ ጉዳይ አንድ የሚያምር ጠባይ አለው፦ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር የራሱን ማስረጃ ይይዛል፣ ሁለት የሚቃረኑ ዓረፍተ ነገሮችም ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ። መጀመሪያ ላይ «ረድፉ ሰነዱ የሚለው ይሁን» ያልኩት በዚህ ውስጥ ተሠርቶ የተቀመጠ ነው። የሚከብደው መትከሉና መንከባከቡ ነው፤ ተቋም ከጀርባው ያስፈልገዋል። ሁሉም ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። ይህ ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጦ ለሚመዘግብ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ማን የቱን ይያዝ?

የቤተሰቡን ይዞታ ለሚፈልግ፣ ሃምሳና ስልሳ ወረቀት ላለው፦ ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ፤ ቀኑን በሦስት ዓምድ፣ ፎቶውን በቁጥር እየሰየሙ። ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት ተማሪ፦ በኤክሴል ጀምሩ፣ ግን አምስቱን ሠንጠረዥ ከመጀመሪያው በአምስት ገጽ ከፍላችሁ። ሰነዱ ሁለት ሦስት መቶ ሲያልፍ ወደ ኤስኪውላይት መውሰዱ የአንድ ቀን ሥራ ይሆናል። በአንድ ገጽ አጭቃችሁ ከጀመራችሁ ግን የወራት ሥራ ነው።

የደብር ብራና ላይ ለሚሠራ፦ ለተመረጡት ሰነዶች ቲኢአይ፣ ለቀሪው ሠንጠረዥ። ሁለቱን የሚያገናኘው የሰነዱ መለያ ቁጥር ነው፤ እሱን አንዴ ከሰጣችሁ አትቀይሩት።

ለቡድን፣ ገንዘብም ሰውም ላለው፦ ፖስትግሬስኪውኤል ከካርታው ጋር። ለሕዝብ የሚከፈት ከሆነ ዊኪቤዝን አስቡበት።

ሌላ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። በ1967 ዓ.ም. በየካቲት የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31፣ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆነ። ያኔ የተወረሰበት ሰው ዛሬም በሕይወት ሊኖር ይችላል። ያኔ የተሰጠው ሰውም እንዲሁ፤ ልጆቹ እዚያው ቤት ውስጥ አሉ። «ይህ ቦታ የእገሌ ነበር» የሚል ካርታ ኢንተርኔት ላይ ስትለጥፉ ሁለቱንም ቤተሰብ ታናግራላችሁ። ለምሁራን ያሰባችሁት ሰነድ የፍርድ ቤት ክርክር ውስጥ ሊገባ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት ሊያጋጭ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው «ማን ይየው?» የሚል ዓምድ ክፈቱ። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሽያጭ ለሁሉም ክፍት ይሁን። ከ1930ዎቹ ወዲህ ያለው ስምና ትክክለኛ ቦታ ግን ለተመራማሪው ብቻ ይቆይ፤ ለሕዝብ የሚወጣው በሰፈር ደረጃ ተጠቃሎ ይሁን። ሰነዱን ያሳዩዋችሁን ቤተሰቦችና ካህናት ደግሞ ከመለጠፋችሁ በፊት ጠይቁ። እነሱ አምነው ነው ሳጥናቸውን የከፈቱላችሁ።

የትኛውንም ብትመርጡ በየወሩ ሁሉንም በሲኤስቪ (ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ በሆነ ፋይል) አውጥታችሁ በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ የግዕዝ ፊደልን በሚይዘው የፊደል ኮድ፣ በዩቲኤፍ-8። ሲኤስቪውን በኤክሴል በቀጥታ በድርብ ጠቅታ አትክፈቱት፤ አማርኛው ጥያቄ ምልክትና እንግዳ ፊደል ሊሆን ይችላል። ከዳታ ማስገቢያው በኩል ዩቲኤፍ-8ን መርጣችሁ አስገቡት።

አሁንም ካመነታችሁ አሥር ሰነድ ምረጡ። አምስቱ ቀላል፣ አምስቱ አስቸጋሪ ይሁኑ፦ ቀኑ የደበዘዘ፣ ሁለት ባለመብት ያለበት፣ ሻጯ በክርስትና ስሟ ብቻ የተጠራችበት። በሁለት መሣሪያ አስገቧቸው። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ይህ ዋስ ሌላ የት አለ? ይህ መሬት ከማን ጋር ይዋሰናል? ይህን ያልኩት ከየትኛው ወረቀት ላይ አይቼ ነው? ሦስተኛውን ቶሎ የሚመልስላችሁን ያዙ።